«የሻይ ዘይት» የሚል ጠርሙስ ሲገጥማችሁ

ማሳሰቢያ፦ በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለምትሠሩ፣ በሩ ላይ ሳምቡሳና ባጂያ ለምትጠብሱ፣ የውጭ ዕቃ ለምትቸረችሩ

ድሬዳዋ በባቡር ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ስሙ የማይታወቅ የውጭ ዕቃ ብርቋ አይደለም። የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣናም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እዚሁ ተመርቋል። ቻይናዊ ባልደረባችሁ ወደ አገሩ ሲመለስ ከጓዳው የተረፈውን ዘይት ቢሰጣችሁ፣ ወይም ሱቅ ውስጥ «የሻይ ዘይት ነው» ብትባሉ፣ መጥበሻውን ከመጣዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

• ስሙን ብቻ አትመኑ። «ቲ ሲድ ኦይል» እና «ቲ ትሪ ኦይል» የሚለያዩት በአንድ ቃል ነው፤ አንዱ ይበላል፣ ሌላው ይመርዛል። የሚበላው በደቡብ ቻይና፣ እንደ ሁናንና ጂያንግሺ ባሉ አውራጃዎች፣ ከሻይ ተክል የቅርብ ዘመድ ፍሬ ይጨመቃል፤ «ካሜሊያ» ተብሎም ይጻፍበታል። የማይበላው ከአንድ የአውስትራሊያ ዛፍ ቅጠል ይወጣል፤ ያ ዛፍ ደግሞ የሚዛመደው ከሻይ ጋር ሳይሆን ከባሕር ዛፍ ጋር ነው። ከፍታችሁ አሽትቱት። ለጉንፋን የምንታጠነውን ባሕር ዛፍ ካስታወሳችሁ መልሳችሁ ክደኑት፤ ለድስት የመጣ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሸጠውም በጠብታ በሚለካ፣ ጠቆር ባለ ትንሽ ጠርሙስ ነው። ሕፃን ጥቂት ሚሊ ሊትር ቢውጥ እንኳ ሊደነዝዝ፣ ሲራመድ ሊንገዳገድ ይችላል። እንዲያስመልሰው አታስገድዱ፣ ወተትም አትጋቱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርባችሁ ጤና ተቋም ሩጡ።

• የሚበላው ከሆነ ጥበሱበት። ከስብ አሲዱ 80 በመቶ ገደማ ኦሌይክ ነው፤ በዚህ ከወይራ ዘይት ጋር ይቀራረባል። የተጣራው እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሳይጨስ ይቆያል። የእኛው ኑግ ሌላ ጠባይ አለው፦ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ሊኖሌይክ ስለሆነ አየርና ሙቀት ቶሎ ያበላሹታል። ኑግን ማማቴ አይደለም፤ ለሽሮ የሚስተካከለው አላገኘሁም። ቀኑን ሙሉ ለሚፈላ የሳምቡሳ መጥበሻ ግን አይሆንም።

• አለመርጋቱን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩ። አዲስ አበባ ላይ የሚረጋው የፓልም ዘይት ድሬ ሲደርስ ውሃ ሆኖ ይውላል። «ይኸው አልረጋም፣ ፓልም አይደለም» የሚል ነጋዴ የሚያሳያችሁ የድሬን ሙቀት ነው።

• በር ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጠርሙስ፣ ቀኑ ባያልፍም፣ አትግዙ። ቤትም ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ካለው መደርደሪያ አውርዱት።

• በጠቆረ፣ አረፋው በማይጠፋ፣ ጭሱ ጉሮሮ በሚከረክር ዘይት ላይ አዲስ አትጨምሩ። ድፉት፤ ቦይ ውስጥ ግን አይደለም።

• «ደም ግፊት ያድናል» እያላችሁ አትሽጡ። እንደ ማንኛውም ዘይት በግራም 9 ኪሎ ካሎሪ አለው።

• «የውሽውሽ ነው፣ የጉማሮ ነው» ከተባላችሁ ማን እንደጨመቀው ጠይቁ። በእነዚህ እርሻዎች ሻይ የሚለማው ለቅጠሉ ነው፤ ቀንበጡ ሁልጊዜ የሚለቀም ቁጥቋጦ ደግሞ ለማፍራት ፋታ የለውም። የመጠጡ ሻይ ፍሬ ዘይት ቢሰጥም ኦሌይኩ ከቻይናው የዘይት ካሜሊያ ያንሳል።

• ፍሬውን አስመጥቶ ለመጭመቅ የሚያስብ ካለ፣ ፋጉሎውን እንዳለ ለፍየል አይስጥ። ሳፖኒን አለበት፤ እስያ ውስጥ የሽሪምፕ ኩሬ ያላቸው ሰዎች ያልፈለጉትን ዓሣ የሚገድሉት በዚሁ ፋጉሎ ነው።

• ዘይቱን ወደ ሃይላንድ አትገልብጡ። ስሙና ቀኑ በቀድሞው ጠርሙስ ላይ ይቀራሉ፤ ነገ አንድ ሲኒ ልትበደር የምትመጣው ጎረቤት የምታየው ቢጫ ፈሳሽ ብቻ ነው።