ብርሃኑ ከየት መጣ?

በወለጋ ከተሞች በነቀምቴ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ በኮምፒውተር ሥዕል የሚለማመድ ወጣት የሠራውን የሰው ፊት በአንድ ጠቅታ በስቱዲዮ መብራት ሊያደምቀው ይችላል። በነጻ የሚገኘው ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም ስቱዲዮ፣ ደን፣ ከተማ፣ የፀሐይ መውጫና መጥለቂያ የሚሉ ዝግጁ ብርሃኖችን ይዞ ይመጣል። በዛሬው ትምህርት ዝግጁ ብርሃንን መጠቀምና ብርሃንን ማወቅ በምን እንደሚለያዩ እንመረምራለን።

አስቀድመን ቃላቱን እንወስን። ዝግጁ ብርሃን ወይም ፕሪሴት የምንለው ሌላ ሰው አስተካክሎ ያስቀመጠውን የመብራት አደራደር ነው፤ የመብራቶቹ ቦታ፣ ስፋት፣ ኃይልና ቀለም ተወስኖ በአንድ ስም ይቀመጣል። የብርሃን ዕውቀት የምንለው ደግሞ አንድ ጥላ ለምን እዚያ እንደወደቀ መናገርን፣ የሚፈለገውንም ጥላ አስቦ ማምጣት መቻልን ነው። ሁለቱ ጠላቶች አይደሉም። ፕሪሴት ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ ጥያቄው ግን ከመልሱ ጋር አብሮ አልተቀመጠም። የተማሪው ድርሻ ያንን ጥያቄ ማግኘት ነው።

ጥላንም እንለይ። የአንድ ነገር ከብርሃኑ የዞረ ገጽ ሲጨልም የራስ ጥላ እንለዋለን፤ ለምሳሌ የጉንጭ ጨለማው ወገን። ብርሃኑን ከልሎ በሌላ ገጽ ላይ የሚጥለው ደግሞ የወደቀ ጥላ ነው፤ ለምሳሌ አፍንጫ በከንፈር ላይ የሚጥለው። የራስ ጥላ የነገሩን ቅርጽ ይነግረናል። የወደቀ ጥላ ደግሞ ብርሃኑ ከወዴት እንደመጣ ይመሰክራል።

እንግዲህ ወደ አቅጣጫ እንለፍ፤ እዚህ ላይ አገራችን ራሷ መምህር ናት። ነቀምቴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 23 አካባቢ፣ በቀትር ልክ በአናት ላይ ትቆማለች። ቀትር የምንለው ፀሐይ በዕለቱ ከሁሉ ይልቅ ከፍ የምትልበትን ጊዜ ሲሆን በነቀምቴ ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ያን ጊዜ የሰው ዓይኖች በቅንድቡ ጥላ ይዋጣሉ፣ የአፍንጫው ጥላ በቀጥታ ወደ ከንፈሩ ይወርዳል፣ የዛፍም ጥላ ከሥሩ ይሰበሰባል። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ደግሞ፣ ለምሳሌ በሰኔ፣ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። በዚያ ወር በከተማዋ የሚገኘውን የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት የሚሥል ተማሪ በቀትር ፀሐዩን በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ያገኘዋል፤ በታኅሣሥ ግን በደቡቡ ላይ።

ይህን ከዝግጁ ሰማይ ጋር እናነጻጽር። ዝግጁ ሰማይ የምንለው የአንድን ቦታ ዙሪያ ገባ ከነብርሃኑ መጠን የያዘ ፎቶግራፍ ነው። ለምሳሌ በበርሊን የተነሣውን እንውሰድ። በዚያ ፀሐይ በዓመቱ ከሁሉ በላይ ከፍ በምትልበት ቀትር ከአድማስ 61 ዲግሪ ገደማ ላይ ትቆማለች። በነቀምቴ ግን በታኅሣሥ፣ በዓመቱ እጅግ ዝቅ በምትልበት ቀትር እንኳ፣ 57 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ናት። የእነርሱ ከፍተኛ ከእኛ ዝቅተኛ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በበርሊን የተነሣ ሰማይ አብዛኛውን ጊዜ ለወለጋ ገበያ ቀትር አይሆንም። ሰማዩን ዙሪያውን ማዞር ይቻላል፤ ፀሐዩን ከፍ ለማድረግ ግን አድማሱንም ማዘንበል ይመጣል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ሥዕሉ እንግዳ አገር ሲመስልበት ምክንያቱን ፈልጎ ያገኛል።

እስካሁን አቅጣጫን አይተናል። ቀጥሎ የሚመጣው ስፋት ነው፤ ጀማሪዎችም በብዛት ከኃይል ጋር የሚያደባልቁት እርሱን ነው። የብርሃን ስፋት ማለት ብርሃኑ ከሚያርፍበት ነገር ላይ ቆመን ብንመለከተው ከዙሪያችን የሚይዘው መጠን ነው። ፀሐይ በራሷ እጅግ ግዙፍ ናት፤ ነገር ግን በጣም ስለምትርቅ በሰማያችን ላይ የግማሽ ዲግሪ ያህል ቦታ ብቻ ትይዛለች። በመሆኑም ጥላዋ ጠርዙ የተሳለ ነው፤ ይህን ደረቅ ብርሃን እንለዋለን። በወለጋ ክረምት ግን ደመናው ሲሸፍን መላው ሰማይ መብራት ይሆናል። ያን ጊዜ የጥላው ጠርዝ ይሟሟል፤ ይህን ለስላሳ ብርሃን እንለዋለን። በከተሞቻችን ፎቶ ቤቶች የምናየው ነጭ ጃንጥላም የደመናውን ሥራ በትንሹ ይሠራል። ልብ በሉ፤ ያው ጃንጥላ ለፊት ሲቀርብ ለስላሳ፣ ወደ ክፍሉ ጥግ ሲርቅ ደረቅ ይሆናል። ልስላሴ የዕቃው ጠባይ አይደለም፤ ከስፋትና ከርቀት የሚወለድ ነው።

ርቀት ሌላም ሥራ አለው። ከትንሽ መብራት የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። መብራቱ ከፊቱ 1 ሜትር፣ ከጀርባው ግድግዳ 2 ሜትር ቢርቅ፣ ግድግዳው የፊቱን ብርሃን ሩብ ብቻ ያገኛል። መብራቱን ከፊቱ 3 ሜትር ብናርቀው ግድግዳው 4 ሜትር ላይ ይሆናል፤ የሚደርሰውም ከፊቱ ብርሃን ከግማሽ በላይ ነው። ጀርባው ከፊቱ አንጻር የደመቀው መብራት ስለተጨመረ አይደለም።

ስለ ቀለም ባጭሩ እንናገር። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ብርቱካን፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የድሮው የቤት አምፖል 2700፣ የቀትር ፀሐይ 5500፣ የደመና ቀን 6500 ገደማ ነው። በእኛ አካባቢ ግን አንድ ነገር እንጨምር፤ ቀይ አፈር። ፀሐይ ባረፈበት ቀይ መሬት ላይ የቆመ ሰው ከአገጩ ሥር ቀላ ያለ ነጸብራቅ ይቀበላል። ነጸብራቅ ማለት ከሌላ ገጽ ተመልሶ የሚመጣ ብርሃን ነው። ይህ በስቱዲዮ ፕሪሴት ውስጥ የለም፤ ተማሪው ራሱ ካላስቀመጠው በቀር ሰውየው ከወለጋ መሬት ላይ አይቆምም።

አሁን ብዙ ልፋት ወደሚጠይቀው ነገር ደርሰናል፤ እርሱም የራሳችን ፊት ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የፎቶ ፊልም ኩባንያው ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መለኪያ ካርድ የነጭ ሴት ምስል ነበረው፤ «ሺርሊ» ይባል ነበር። ለአንድ ቆዳ የተስተካከለ መለኪያ ለሌላው አልበቃም። ዛሬም በግራጫ ሐውልት ወይም በነጣ ያለ ፊት ላይ የተሞከረ ፕሪሴት ጠይም ፊት ላይ ሲያርፍ ይጨልማል፤ ተማሪውም ቶሎ ኃይል ይጨምራል። ውጤቱ የገረጣ ፊትና የተቃጠለ ግንባር ነው።

ምክንያቱን እንረዳ። ቆዳ ብርሃንን በሁለት መንገድ ይመልሳል። አንዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ይዞ ይወጣል፤ ሌላው ከላይ ብቻ ነጥሮ ይመለሳል፤ ይህን ወዝ እንለዋለን። ቆዳው ሲጠቁር የመጀመሪያው ያንሳል፤ ወዙ ግን እንዳለ ይኖራል። ስለዚህ በጥቁር ፊት ላይ የጉንጭን አጥንትና የግንባርን ክብነት በብዛት የሚገልጠው ወዙ ነው። ወዝ ደግሞ የመብራቱን መልክ ይወስዳል፤ ትንሽ መብራት ትንሽ የምታብለጨልጭ ነጥብ፣ ሰፊ መብራት ሰፊና ጸጥ ያለ ድምቀት ይሰጣል። እንግዲህ ፊቱ ሲጨልምባችሁ ከኃይሉ በፊት ስፋቱን ጨምሩ፤ ከዚያም መብራቱን ወደ ጎን አዙሩት።

«ፕሪሴትን እንተወው ወይ?» ብትሉ፣ አይደለም። የሠርግ ካርድ ለነገ ጠዋት የሚያስረክብ ሰው ቢጠቀምበት ነውር የለውም። ጊዜ ያለው ተማሪ ግን መብራቶቹ ተለይተው የሚበሩበትን ፕሪሴት ይክፈት፤ መብራቶቹን ሁሉ አጥፍቶ አንድ በአንድ ያብራቸው። እያንዳንዱ ሲበራ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የወደቀው ጥላ ወዴት እንደሄደ፣ ጠርዙ የተሳለ ወይም የሟሟ መሆኑን፣ ወዙ በፊቱ ላይ የት እንዳረፈ። ከዚያም ፕሪሴቱን ዘግቶ፣ የጻፈውን ብቻ ይዞ፣ ከባዶ ጨለማ ያንኑ ብርሃን መልሶ ለመሥራት ይሞክር። ልዩነት ከተገኘ በብዛት ከሦስቱ በአንዱ ነውና የጎደለውን መስመር ይፈልግ፤ በማግሥቱም ያንኑ ፊት በሰኔ ቀትር፣ ፀሐይ ከሰሜን ስትመጣ፣ ያብራው።