የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ደብዳቤዎች፦ የቤተሰብ ሰነድን ለታሪክ ጥናት ስለማንበብ

መግቢያ

በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥቶ ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያም በመርከብ ተጉዞ ሚያዝያ 28 ቀን ፑሳን ደረሰ። የለገሃር ባቡር ጣቢያ ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ከክብር ዘበኛ የተውጣጡት ወታደሮች በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፈው፣ ሻለቃ በሻለቃ እየተተካ፣ እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ አቁም ስምምነት ድረስ ተዋግተዋል። ስለ ውጊያዎቹ ብዙ ተጽፏል፤ ዘማቹ ከቤተሰቡ ጋር ስለነበረው ግንኙነት የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ በቤተሰብ እጅ ያለ የዘማች ደብዳቤ ለታሪክ ማስረጃነት ሲቀርብ እንዴት ሊነበብ ይገባል?

1. ቀንና አድራሻ

ዘማቹ ደብዳቤውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲጽፍ፣ የውጭ አገር የፖስታ ማኅተም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ያርፍበታል። የሁለቱ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። በኅዳር 1944 ዓ.ም. የተጻፈ ደብዳቤ በስሕተት 8 ዓመት ቢደመርበት ወደ 1952 እ.ኤ.አ. ይሻገርና፣ የመጀመሪያው ሻለቃ ዘማች የጻፈው ለሁለተኛው ሻለቃ ይሰጣል።

አድራሻውም ጥንቃቄ ይሻል። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ሣጥን የሌለው ቤተሰብ በመሥሪያ ቤት ወይም በሚያውቀው ሰው በኩል ይቀበላል። ስለዚህ በፖስታው ላይ የሰፈረው ስም የቤተሰቡ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም ቤተሰቡ ማንን ያምን እንደነበር ያሳያል።

2. ሰላምታው

ተመራማሪ አብዛኛውን ጊዜ «ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ» የሚለውን የተለመደ መግቢያ ዘልሎ ወደ ፍሬ ነገሩ ይሄዳል። ለእናት ግን ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፤ ልጇ ያን ቀን በሕይወት ነበር። ተከትሎ የሚመጣው የሰላምታ ዝርዝርም የዝምድናንና የጉርብትናን ቅርበት በቅደም ተከተል ይመዘግባል። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ደብዳቤውን ፊደል በቆጠረ ልጅ፣ ብዙ ጊዜም ጎረቤት ባለበት ያስነብቡ ነበር። ጸሐፊው የሚጽፈው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሚሰማው ሁሉ መሆኑን ያውቃል። ስለሆነም በደብዳቤው ያልተነገረ ነገር ሁሉ የወታደራዊ ቁጥጥር ውጤት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

3. ዝምታው

በኮሪያ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል። በባህላችን መርዶ በማለዳ፣ ዘመድና ሽማግሌ ባለበት ይነገራል እንጂ በደብዳቤ አይላክም። የጓደኛውን ሞት ያየ ዘማች ስለ ጉዳዩ ምንም ሳያነሣ ሊጽፍ ይችላል፤ ይህ አለማወቁን አያስረዳም። የደብዳቤውን ቀን ከሟቾች ዝርዝር ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

የቃኘው ሻለቃ አንድም ምርኮኛ ሳይተው መመለሱ በሰፊው ይነገራል። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በተደረገው የሶማሊያ ጦርነት ግን የተማረኩ ኢትዮጵያውያን እስከ 1980 ዓ.ም. ስምምነት ድረስ በእስር ቆይተዋል። የ1949 እ.ኤ.አ. ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት፣ የደብዳቤ ብዛት መገደብ ካስፈለገ፣ ለምርኮኛ በወር ቢያንስ 2 ደብዳቤና 4 ካርድ እንዲፈቀድለት ይደነግጋል። የምርኮኛ ዝምታ ምንጩ የያዘው ወገን ቁጥጥር ሊሆን ስለሚችል፣ ከቃኘው ዘማች ዝምታ ጋር በአንድ መመዘኛ አይለካም።

መደምደሚያ

ስሙን ከጣሊያን ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ያገኘው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ ብዙ ነባር ነዋሪዎች ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። ቤት ሲለቀቅ በሣጥን ግርጌ የኖረ አሮጌ ወረቀት በቀላሉ ይጣላል። ደብዳቤው ቢተርፍ እንኳ፣ ማኅተሙንና የተቀባዩን ስም የያዘው ፖስታ ከጠፋ ከላይ የተመለከቱት ጥያቄዎች መልስ ያጣሉ። ስለዚህ በዚህ ርእስ የሚሠማራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በባለቤቶቹ ፈቃድ ደብዳቤውን ከነፖስታው ፎቶ ያንሣ፤ ማን እንዳስቀመጠውና ማን ያነብ እንደነበር ይመዝግብ፤ ከተቻለም ቤተሰቡ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ይጠይቅ። ከሰላምታው ዝርዝር ውስጥ የጎደለው ስም የማን እንደሆነ የሚያውቁት አድማጮቹ ናቸውና።