«ኢነርጂ» እና «ፓወር»፦ በአንድ «ኃይል» የተሸፈኑ ሁለት ቃላት

ፊዚክስን በእንግሊዝኛ የሚማሩ ተማሪዎች አዘውትረው ከሚያምታቷቸው ቃላት መካከል «ኢነርጂ» እና «ፓወር» ይገኙበታል። ምክንያቱም በዕለት ተዕለት አማርኛችን ሁለቱንም «ኃይል» ብለን ስለምንጠራቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የቃላቱን ትርጉምና ሰዋስዋዊ አገባብ አነጻጽረን እንመለከታለን።

ኢነርጂ ሥራ ለመሥራት የሚያስችል ችሎታ ሲሆን መለኪያው ጁል ነው። ፓወር ደግሞ ሥራው የሚከናወንበት ፍጥነት ነው፤ መለኪያው ዋት ሲሆን 1 ዋት ማለት 1 ጁል በሰከንድ ነው።

ለምሳሌ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሁለት ወጣቶች እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ ግራም ጤፍ ተሸክመው 12 ሜትር ከፍታ ወዳለው 4ኛ ፎቅ ይወጣሉ እንበል። የመሬት ስበት ፍጥንጥነትን 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ አድርገን ሦስቱን ስናባዛ፣ የተሸካሚው የራሱ ክብደት ሳይቆጠር፣ ጤፉን ለማንሣት የሚያስፈልገው ኢነርጂ ለእያንዳንዳቸው 5,880 ጁል ነው። አንደኛው በ1 ደቂቃ፣ ሁለተኛው በ2 ደቂቃ ቢደርሱ ፓወራቸው በቅደም ተከተል 98 እና 49 ዋት ይሆናል። ኢነርጂው እኩል ነው፤ ፓወሩ ግን በእጥፍ ይለያያል። 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ያንኑ ኢነርጂ ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይፈጃል።

በእንግሊዝኛ ሰዋስው «ኢነርጂ» ስም ነው፤ ግስ ለማድረግ ቅጥያ ጨምረን «ኢነርጃይዝ» ማለት አለብን። «ፓወር» ግን ቅርጹን ሳይለውጥ ስምም ግስም ይሆናል፤ ግስ ሲሆን አንድን መሣሪያ ማንቀሳቀስ ማለት ነው። በብዙ ቁጥር «ፓወርስ» ሲባል ኃያላን መንግሥታትን ሊያመለክት ይችላል፤ በሒሳብ ደግሞ ርቢ ማለት ነው። ከግሶች ጋር ሲጣመሩም ይለያያሉ። ኢነርጂ ይከማቻል፣ ይቆጠባል። ባትሪ የሚያከማቸው ኢነርጂ እንጂ ፓወር አይደለም።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረው በአንዲት ፊደል፣ በ«በ» ነው። «ኪሎ ሜትር በሰዓት» ስንል ርቀትን ለጊዜ ማካፈላችን ነው። የቤታችን ቆጣሪ የሚመዘግበው ግን ፓወር በጊዜ ተባዝቶ የሚገኘውን ኢነርጂ ነው። ስለዚህ በተለምዶ እንደሚባለው «ኪሎዋት በሰዓት» ሳይሆን «ኪሎዋት ሰዓት» ማለት ይገባል። ከላይ የጠቀስነው ምጣድ ሳያቋርጥ 2 ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል።

ልዩነቱ የአገርን ጉዳይ ለመረዳትም ይጠቅማል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የማመንጨት ዐቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ይህ ፓወር ነው። በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ደግሞ ኢነርጂ ነው። ተርባይኖቹ የዓመቱን 8,760 ሰዓታት ሁሉ በሙሉ ዐቅም ቢሠሩ ኖሮ 45,114 ጊጋዋት ሰዓት በተገኘ ነበር። ዕቅዱ የዚህ ሢሶ ያህል የሆነው ዓባይ ዓመቱን ሙሉ ለዚያ የሚበቃ ውኃ ስለማያመጣ ነው። ሁለቱን ቃላት ያልለየ አንባቢ ይህን ሲያይ ግድቡ ጉድለት ያለበት ሊመስለው ይችላል።

እንግዲህ «ኃይል» የሚል ቃል ባጋጠመን ጊዜ አስቀድመን መለኪያውን እንመልከት። ዋት ከሆነ ፓወር፣ ጁል ወይም ዋት ሰዓት ከሆነ ኢነርጂ ነው።