የአጥቢያ ላፕቶፕ አዘገጃጀት፦ ስለ ድራይቨር አጫጫንና ስለ መዛግብት አቀማመጥ

ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ ሰበካ ጉባኤያት የምእመናንን ምዝገባ፣ የገቢና ወጪ ሒሳብንና የንብረት ቆጠራን በመዝገብ ሲይዙ ኖረዋል። ዛሬ ይህ ሥራ ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቻችን ከሚልኩልን ዕቃዎች መካከልም አንዳንድ ጊዜ ለጨዋታ የተሠራ፣ ጌሚንግ የሚባለው ላፕቶፕ ይገኛል። ፈጣን በመሆኑ የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ ለማደራጀት ጭምር ይበጃል፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ሁለት የምስል ካርድ፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ዲስክ ስላለው አዘገጃጀቱ ጥንቃቄ ይሻል። ላፕቶፕ ቢበላሽ በሌላ ይተካል፤ የጠፋ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ግን በቀላሉ አይተካም።

አንደኛ፦ ባለቤትነቱን ማስተካከል

ዊንዶውስ 11 ብዙ ጊዜ ዲስኩን በራሱ ይቆልፋል። ባለ48 አኃዙ የመክፈቻ ቁጥርም በመጀመሪያው ባለቤት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። ስለሆነም ምንም መዝገብ ከመግባቱ በፊት ለጋሹ ላፕቶፑን ከአካውንቱ አውጥቶ ወደ መነሻ ይዞታው እንዲመልሰው እንጠይቅ። አጥቢያው በራሱ አካውንት ሲከፍተው የሚገኘው አዲስ ቁጥር ታትሞ በካዝና ይቀመጥ።

ሁለተኛ፦ ድራይቨር መጫን

ድራይቨር ዊንዶውስ ከላፕቶፑ ክፍሎች ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም ነው። በላፕቶፑ ሥር የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር አንብበን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ እናውርድ። «ድራይቨሮችን ሁሉ በአንድ ጊዜ እናድሳለን» የሚሉ ፕሮግራሞች የማይፈለግ ነገር ይዘው ሊገቡ ስለሚችሉ እንራቃቸው። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ዋይፋዩን ላያውቀው ስለሚችል የኔትወርኩ ድራይቨር አስቀድሞ በፍላሽ ይያዝ።

ከመጀመራችን በፊት የመመለሻ ነጥብ እንፍጠር። ከዚያም በቅድሚያ የቺፕሴቱን፣ ቀጥሎ የኔትወርኩን፣ በመጨረሻ የምስል ካርዱን እየጫንን፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ላፕቶፑን አጥፍተን እናስነሣ። ችግር ቢፈጠር የትኛው እንዳመጣው እናውቃለን፤ ወደ ቀድሞውም መመለስ እንችላለን። ሁሉም በደኅና ከሠራ በየሳምንቱ አዲስ ማሳደድ አያስፈልግም። ባዮስ የሚባለውን የመነሻ ፕሮግራም ማደስ ግን ከሁሉ የከበደ ነው። መብራት መሐል ላይ ቢቋረጥ ላፕቶፑ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። ግድ ካልሆነ አይነካ፤ ግድ ሲሆንም ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶና የዲስኩ ቁልፍ ለጊዜው ታግዶ ይሠራ።

ሦስተኛ፦ መዛግብትን ማስቀመጥ

ፈጣኑ ኤስኤስዲ ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞች፣ ሁለተኛው ዲስክ ለመዛግብት ይሁን። አንዱን ዲስክ «ሲ» እና «ዲ» ብሎ መክፈል ግን ሁለት ቅጂ አያሰኝም፤ ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። የላፕቶፑ ሰዓት በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚሄድ የፋይሉ ስም በእኛ ዘመን ይጻፍ፤ የጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መዝገብ «2017-05-11» ቢባል ፋይሎቹ በራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ።

ቅጂው ሦስት ይሁን፦ አንዱ በላፕቶፑ፣ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ ተንቀሳቃሽ ዲስክ፣ አንዱ በሌላ ከተማ። ሮቤና ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ የሁለቱ ከተሞች አጥቢያዎች በይለፍ ቃል የተቆለፈ ቅጂ አንዱ ለሌላው በአደራ ሊያስቀምጡ ይችላሉ። የወረቀቱም መዝገብ አይጣል።

አራተኛ፦ የደጋው ጠባይ

በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው መርፌ ከሰሌዳው በላይ በአየር ተንሳፍፎ ይሠራል። አየሩ ሲሳሳ መርፌው ሰሌዳውን ሊነካ ስለሚችል ብዙ አምራቾች ከ3,048 ሜትር በላይ እንዳይሠራ ይወስናሉ። ሮቤና ጎባ ከዚህ በታች ናቸው፤ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በሳነቲ አምባ ላይ ያልፋል። በዚያ የሚያልፍ ላፕቶፕ በእንቅልፍ ሳይሆን ፈጽሞ ጠፍቶ ይጓዝ። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል የገባውም ውስጡ ጤዛ እንዳይዝ እስኪሞቅ ድረስ ሳይከፈት ይቆይ። ስስ አየር ማቀዝቀዝም ስለሚያዳግተው በምንጣፍ ወይም በጋቢ ላይ አናስቀምጠው።

ለውይይት

1. የዲስካችን የመክፈቻ ቁጥር የት ነው? ስንት ሰውስ ያውቀዋል?
2. ሦስተኛውን ቅጂ ማን በአደራ ይይዝልናል? በየሩብ ዓመቱ ከፍቶ የሚፈትሸውስ ማን ነው?
3. ላፕቶፑ ዛሬ ቢሰረቅ፣ ነገ የጥምቀት ማስረጃ ሊጠይቅ ለሚመጣ ምእመን ምን እንመልስለታለን?