ከአሮጌ መዝጊያ የጽሕፈት ጠረጴዛ ስለ መሥራት

በቤቱ ደብተር የሚያርም መምህር በጉልበቱ ላይ ሲጽፍ ጀርባው ይጐብጣል፤ ጽሕፈቱም ይበላሻል። ጠረጴዛ መግዛት ባይቻለው፣ ከፈረሰ ቤት የተረፈ የዋንዛ መዝጊያና ሁለት ጠንካራ ሣጥኖች ይበቁታል፤ ብዙ ዘመን የደረቀ እንጨት እንደ እርጥቡ አይጣመምምና።

አስቀድሞ ነቀዝ ያልበላው መሆኑን ይመርምር፤ አሮጌውንም ሚስማር በጉጠት ይንቀል። አሮጌ ቀለም የተቀባውን መዝጊያ ግን ይተወው፤ በቀለሙ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል፣ ሲፋቅ ብናኙ ሕፃናትን ይመርዛልና።

ከዚህ በኋላ መዝጊያውን በመላጊያ አለስልሶ በሣጥኖቹ ላይ በሚስማር ያጽናው። ከፍታው 75 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሣጥኖቹ ቢያጥሩ እግር ይቀጠልላቸው። በመካከላቸውም ለጉልበት 60 ሳንቲ ሜትር ስፍራ ይቅር። በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው መስኮቱን በግራው ቢያደርግ የእጁ ጥላ ጽሕፈቱን አይጋርደውም።

ይህን ያየ ተማሪም ለአባቱ ቤት እንዲሁ ሊሠራ ይችላል።