ስለ ሽንኩርት መክተፊያ መኪና አመራረጥ

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌ ለወጥ ቤት ብቻ ሳይሆን ለንግድም ሥራ ይጠቅማል። ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሐርቡ ከተማ አንድ ባለሱቅ፥ ፉድ ፕሮሰሰር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መክተፊያ አምጥቶ በመደርደሪያው ላይ ሲያቆም፥ የምትገዛው እመቤት ጎረቤቱ ወይም የጎረቤቱ ዘመድ ናት። መኪናው በሳምንቱ ቢቃጠል ይዛው የምትመለሰው ወደ ፋብሪካው ሳይሆን ወደ እርሱ ነው። ስለዚህ አስመጪውም ሆነ ባለሱቁ የዕቃውን ጠባይ ከመግዛቱ በፊት ሊያውቅ ይገባዋል።

1ኛ፤ ስለ ዓይነቱ። ይህ መኪና መነሻው በፈረንሳይ አገር ለምግብ ቤቶች የተሠራ መሣሪያ ሲሆን፥ በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በተደረገ የቤት ዕቃ ትርዒት ለእመቤቶች ቀረበ። ሳህኑ ሰፊ ሆኖ ስለቱ በግርጌው ይዞራል። ብሌንደር ግን ጠባብና ረጅም ስለሆነ፥ ውሃ ካልተጨመረበት ሽንኩርቱ ወደ ስለቱ አይወርድለትም። ውሃ የገባበት ሽንኩርት ደግሞ በድስት ውስጥ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። የወጥ መሠረቱ ቁሌት በመሆኑ፥ ለሽንኩርት ብላ የመጣችን እመቤት ብሌንደር ሸጦ መስደድ ወጧን ማበላሸት ነው።

2ኛ፤ ስለ ሳህኑ መጠን። ሻጩ ከሁሉ አስቀድሞ «እትዬ፥ በአንድ ጊዜ ስንት ኪሎ ሽንኩርት ይከትፋሉ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሳቸው 2 ኪሎ ቢሆን፥ 100 ግራም ብቻ የሚይዝ ትንሽ ሳህን 20 ጊዜ መሞላት አለበት፤ 400 ግራም የሚይዘው ግን በ5 ጊዜ ይጨርሳል። ሽንኩርቱም በአራት ተቆርጦ ሳህኑ ሳይጠቀጠቅ ሊገባ ይገባል። ቁልፉን ተጭኖ ወዲያው መልቀቅና ደግሞ መጫን እንጂ፥ ያለ ማቋረጥ ማዞር ሽንኩርቱን ያላቁጠዋል።

3ኛ፤ ስለ ኤሌክትሪኩ። የአገራችን መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ ዕቃ በዚህ ላይ ቢሰካ እጥፍ ቮልት ስለሚደርስበት ይቃጠላል። አስመጪው በፕሮፎርማው ላይ ቮልቱንና ኸርዙን በግልጽ ማስጻፍ አለበት። ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሶኬት ስላለው፥ ባለ ሁለት ክብ እግሩ እንዲሆን አስቀድሞ ማዘዝ ይሻላል።

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት አንዳንድ ጊዜ መኪናው ለቅጽበት የሚደርስበትን ከፍተኛ ኃይል ብቻ የሚያሳይ ነው። የሚታመነው ከመኪናው ግርጌ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ያለው መደበኛ ኃይል ነው። ሳያርፍ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራም በሰሌዳው ወይም በመመሪያው ላይ ይመልከቱ። 1 ደቂቃ ሠርቶ እንዲያርፍ የታዘዘውን መኪና 10 ደቂቃ ያሠራ ሰው ጥፋቱ የራሱ ቢሆንም፥ ይህን ሳይነግር የሸጠው ነጋዴ ከወቀሳ አይድንም። እንዲሁም የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ፥ መስመሩ ደካማ በሆነበት ቤት ቮልቱ ይወርዳል፤ መክተፊያውም እያቃሰተ ይግላል። ምጣድ በተጣደበት ሰዓት መክተፊያውን አለመጠቀም ይመረጣል።

4ኛ፤ ስለማይችለው ሥራ። የደረቀ በርበሬና የሽሮ እህል የወፍጮ ቤት ፋንታ ናቸው። ቡናም የራሱ መፍጫ አለው። ደረቅ ቅመም የፕላስቲኩን ሳህን ይጭረዋል፤ ሽታውም አይለቅም። ሥጋውም ጥቂት ከቆየበት ይላቁጣልና ለክትፎ ቢላዋ ይሻላል። መኪናው ይህን ሁሉ ያደርጋል ብሎ መሸጥ ለአንድ ቀን ትርፍ ሲባል ደንበኛን ማጣት ነው።

5ኛ፤ ስለ መለዋወጫና ስለ ጥንቃቄ። ቶሎ የሚሰበረው ክዳኑና ሳህኑ ነው፤ ስለቱም ይደንዛል። አስመጪው እነዚህን ከመኪናው ጋር አብሮ ካላዘዘ፥ ሞተሩ ደኅና የሆነ ዕቃ በአንድ ክዳን ምክንያት ይጣላል። ክዳኑ ካልተቆለፈ የማይነሣ መኪና ይመረጥ፤ ገዢዋም ከሶኬቱ ሳትነቅል ስለቱን እንዳትነካ ትነገር።

ብልህ ባለሱቅ በገዢዋ ፊት አንድ ሽንኩርት ከትፎ ያሳያል፤ የዋስትናውንም ቀን በደረሰኙ ላይ ይጽፋል። ሥራው ለመኪናው የማይስማማ ሆኖ ሲያገኘውም «ይህ ለእርስዎ አይሆንም» ይላል። በዚያን ቀን አንድ ዕቃ ሳይሸጥ ይቀርበታል፤ እመቤቲቱ ግን ለሌላው ዕቃ ወደ እርሱ ትመለሳለች።