ከመድኃኒት በኋላ ጉልበትን መመለስ



በአካባቢያችን ስለ ሳምባ ነቀርሳ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ስለ መጨረስ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ በኋላ ስላለው ጊዜ የሚነገረው ጥቂት ነው። እኛ የፍስሐ ገነት ወጣቶች በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ሕክምናውን የጨረሰ ወንድማችን ከሁለት ወገን ይፈተናልና። አንዱ ወገን «ድነሃል፤ እንግዲህ ተነሥና ሥራ» ይለዋል። ሌላው ደግሞ ዛሬም እንደ በሽተኛ ቆጥሮ ይሸሸዋል። ሁለቱም ይጎዱታል።

ሀ/ የሕክምናው ክብደት

ለመደበኛ መድኃኒቶች የሚበገረው ሳምባ ነቀርሳ ብዙውን ጊዜ በ6 ወር ይታከማል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። መድኃኒቱን የተላመደው ዓይነት ግን የባሰ ነው። በአገራችን የዚህ ሕክምና በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር ከ18 እስከ 24 ወር ይፈጅ ነበር። ለብዙ ወራት መርፌ መወጋትም ነበረበት፤ በመርፌው ምክንያት የመስማት ችሎታቸው የተጎዳ ሰዎች አሉ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በአፍ ብቻ የሚወሰድ የ6 ወር ሕክምና መምከሩ ለብዙዎች ትልቅ እፎይታ ነው።

ለ/ ጉልበት የሚጠፋው ለምንድን ነው?

አንደኛ፣ በሽታው ሰውነትን ያከሳል፤ የሚቀንሰውም ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ጭምር ነው። ሁለተኛ፣ ለረጅም ጊዜ የተኛ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል። ሦስተኛ፣ ተሐዋሲው ቢሞትም በሳምባ ላይ ጠባሳ ሊቀር ይችላል። ስለዚህም አክታው ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ሰው ዳገት ሲወጣ ቢያለከልክ ሰነፈ ማለት አይደለም።

ሐ/ እንዴት ይመለሳል?

1. በምግብ፦ ክብደትን በኪሎ ወስዶ፣ ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝቶ ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ሰውየው ከስቷል። ለምሳሌ ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ቢያንስ 53.5 ኪሎ ሊመዝን ይገባል። የጓሯችን ቆጮና ቡላ ኃይል ይሰጣሉ፤ ጡንቻ የሚገነባው ፕሮቲን ግን በውስጣቸው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከቆጮው ጋር ባቄላ፣ አተር፣ ጎመን፣ ሲገኝም ዕንቁላልና ወተት መጨመር ያስፈልጋል። ጾምን በተመለከተ ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይገባል።

2. በእንቅስቃሴ፦ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ በመጀመሪያው ሳምንት በሜዳማ መንገድ ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ማታ 10 ደቂቃ መራመድ ይበቃል። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨመራል። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየተራመዱ መነጋገር ከተቻለ ደህና ነው፤ ቃል ካጠረ ግን እርምጃው ይቀንስ። ትንፋሽ ሲያጥር ቆሞ በአፍንጫ መሳብ፣ ከንፈርን አጥብቦ በዝግታ ማስወጣት ይረዳል። ሜዳው ሲለመድ ወደ ዳገቱ ይታለፋል። ለጡንቻም ከበርጩማ መነሣትና መቀመጥ፣ ቀጥሎም 5 ሊትር ውኃ መሸከም ጥሩ መጀመሪያ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካንና 60 ኪሎው የቡና ጆንያ ግን ይቆዩ። ለሳምባ ሕሙማን የሚሰጠው እንዲህ ያለው ልምምድ በሐኪም ቤት ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል፤ እንግዲህ በ1 ሳምንት ለውጥ ባይታይ ተስፋ አይቆረጥም።

3. በጥንቃቄ፦ ሲጋራና የማገዶ ጭስ የተጎዳ ሳምባን ይበልጥ ይጎዳሉ። ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለም ልምምዱን አቁሞ መታየት ያስፈልጋል። እግርን የሚያቃጥልና የሚያደነዝዝ ስሜትም ከመድኃኒቱ ሊመጣ ስለሚችል ለሐኪም ይነገር።

መ/ የእኛ ድርሻ

ሳምባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ በአንድ ገበታ በመብላት ወይም በአንድ ሲኒ በመጠጣት አይደለም። ሕክምናውን ጨርሶ የዳነ ሰው ደግሞ በሽታውን አያስተላልፍም። እንግዲህ የምንሸሸው ለምንድን ነው? የጌዴኦ ምድር ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። ብቻውን ዳገት የሚወጣ ሰው ቶሎ ይሰለቻል፤ ጓደኛ ያለው ግን ይበረታል። ቡና በሚለቀምበት ወራት ድርሻውን እንልቀምለት፤ ጆንያውን እንሸከምለት፤ ከገበያ መልስ እርምጃችንን በእርሱ እርምጃ ልክ እናድርግ። የቀን ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ቀላል ሥራ እንዲያገኝ አሠሪውን እናነጋግር፤ ረኀብ ካስገደደው ከዐቅሙ በላይ ይሸከማልና።

ወጣቶች ሆይ፣ መድኃኒቱን ሐኪም ይሰጣል፤ አብሮ መራመድ ግን የእኛ ሥራ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከሕክምና በኋላ ጉልበት የሚጠፋባቸው ሦስት ምክንያቶች ምንድን ናቸው?
2. በቆጮ ላይ ምን ቢጨመር ጡንቻን ይገነባል?
3. በየሰፈራችን ሕክምናውን ለጨረሰ ሰው በዚህ ሳምንት ምን ልናደርግለት እንችላለን?